በፈተና ወረቀት ላይ ያለው ሕመምተኛ

በጤና ትምህርት ቤቶች ከሚቀርቡት የፈተና ጥያቄዎች ሁሉ ተማሪውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው፥ መምህሩንም በሚያርምበት ጊዜ ይበልጥ የሚያሳዝነው፥ ተማሪዎች ራሳቸው «ኬዝ» እያሉ የሚጠሩት የሕመምተኛ ታሪክ ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ እንደ ሌሎቹ «የወባን ምልክቶች ዘርዝር» ብሎ በቀጥታ አይመጣም። አስቀድሞ ከአንድ ሰው ጋር ያስተዋውቀናል። ዕድሜው ይህን ያህል ነው፤ ሥራው ይህ ነው፤ ከዚህ አገር መጣ፤ ካመመው ይህን ያህል ቀን ሆነው፤ ሲመረመርም ይህና ይህ ተገኘበት ይላል። ከዚያ በኋላ፥ ምን ትጠረጥራለህ? ለምን? በመጀመሪያስ ምን ታደርጋለህ? ብሎ ይጠይቃል።

የሚያስገርመው ነገር፥ ስለ አንድ በሽታ በመጽሐፍ የተጻፈውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣው ጐበዝ ተማሪ በዚህ ጥያቄ ላይ ሲወድቅ፥ በክፍሉ ውስጥ መካከለኛ ነው የሚባለው ጓደኛው ግን በደኅና ማርክ ሲያልፍ መታየቱ ነው። አንዳንዶች ይህን የዕድል ጉዳይ ያደርጉታል። እኛ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው እንላለን። ነገሩ ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን፥ በየጤና ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርትና ማመልከቻ እያነበቡ ውሳኔ የሚሰጡትን ወጣት ሠራተኞችም የሚነካ ስለ ሆነ በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ልንነጋገርበት ወደድን።

ብዙ ተማሪዎች የሕመምተኛውን ታሪክ የሚያነቡት እንደ እንቆቅልሽ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ የበሽታ ስም ተደብቋል፤ የእነርሱ ሥራ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ይመስላቸዋል። ስሙን ያገኙ ሲመስላቸው ታሪኩን ይዘጉና ደብተራቸውን በሐሳባቸው ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚጽፉት ስለ በሽታው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። ፈታኙ ደግሞ የጠየቀው ስለ ሰውየው ነው። እንዲህ ያለው መልስ በወረቀት ላይ ከሆነ የሚያስቀረው ማርክ ብቻ ነው። በጤና ጣቢያ ከሆነ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ ሌላ ነው።

ለምሳሌ ያህል ይህን ጥያቄ እንመልከት። «የ14 ወር ዕድሜ ያላት ሕፃን ለሦስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። ክብደቷ 6 ኪሎ ነው። ዐይኗ ጐድጕዷል፤ የሆዷ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ በጣም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ነቅታለች፤ ውኃ ሲሰጧት ትጠጣለች፤ እጆቿ ይሞቃሉ፤ የልብ ትርታዋም ደካማ አይደለም። የላይኛው ክንዷ ዙሪያ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል፤ በጣት ሲጫኑትም ጐድጕዶ ይቀራል። በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ምክንያትህን ግለጽ።»

የሕፃናት ሕክምና መመሪያውን በሚገባ ያጠናው ተማሪ ይህን ሲያነብ ፊቱ ይበራል። የጐደጐደ ዐይንና በጣም ቀስ ብሎ የሚመለስ ቆዳ፥ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ፥ ከባድ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ እንደሚባል ያውቃል። ለዚህም የታዘዘው በደም ሥር ሪንገር ላክቴት መስጠት መሆኑን ያስታውሳል። ዕድሜዋ ከ12 ወር በላይ ስለ ሆነ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፥ በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓት ተኩል ደግሞ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር። ቶሎ ብሎ ያባዛል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 180፥ ከዚያም 420፥ በጠቅላላው 600 ሚሊ ሊትር በሦስት ሰዓት። ስሌቱ ልክ ነው። በአራት መስመር ጽፎ፥ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ሕፃኒቱ ግን በዚህ መልስ ልትሞት ትችላለች።

ተማሪው ያለፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የክንዷ ልክ ነው፤ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ደርሶበታል ይባላል። ሁለተኛው የሁለቱ እግሮች እብጠት ነው፤ እርሱም ለብቻው ያንኑ ይመሰክራል። በምግብ እጥረት እንዲህ የተጐዳ ሕፃን ከሌላው ሕፃን የተለየ ነው። ከቆዳው ሥር የነበረው ስብ ስላለቀ፥ ፈሳሽ ባይጐድልበትም እንኳ ዐይኑ ጐድጕዶ፥ ቆዳውም ቀስ ብሎ ሲመለስ ይታያል። ስለዚህ እነዚያ ተማሪው የተማመነባቸው ሁለት ምልክቶች በዚች ሕፃን ላይ ሲሆኑ ምስክርነታቸው ይደክማል። ከዚህም በላይ የልቧ ጡንቻ ደክሟል፤ በሰውነቷ ውስጥ ጨው በዝቶ ፖታሲየም አንሷል። በዚህ ላይ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ቢገባባት ልቧ መሸከም ያቅተዋል።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለችው ሕፃን ላይ ሲሠራበት የኖረው መንገድ ይህ ነው። በድንጋጤ ውስጥ እስካልገባች ድረስ፥ ማለት እጆቿ ካልቀዘቀዙ፥ ትርታዋም ካልደከመና ካልፈዘዘች፥ በደም ሥር አይሰጣትም። በአፏ፥ ቀስ እያለ፥ ሬሶማል የሚባለው ለእንደነዚህ ያሉ ሕፃናት ጨው ተቀንሶ ፖታሲየም ተጨምሮ የተዘጋጀ ድብልቅ ይሰጣታል። መጠኑም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች በየ30 ደቂቃው በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእርሷ 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ያኛው ተማሪ በግማሽ ሰዓት 180 በደም ሥር፥ ይኸኛው በግማሽ ሰዓት 30 በማንኪያ። ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ይመልከተው። በዚያ ላይ ትንፋሿና ትርታዋ ከመጀመሩ በፊት ተቈጥሮ ይጻፋል፤ ፈሳሹ እየተሰጣት ትንፋሿ በደቂቃ በ5፥ ትርታዋም በ25 ከጨመረ ፈሳሽ በዝቶባታል ተብሎ ይቆማል። ኮሌራ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ሬሶማሉ ቀርቶ የተለመደው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጣል፤ ይህንንም ጠያቂው በሌላ ፈተና ሊያመጣው ይችላል።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ተማሪውን ለማስፈራራት አይደለም። ሰነፉ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ የሚሳሳተው ባለማወቁ ነው፤ ጐበዙ ግን የሚሳሳተው በማወቁ ነው። የሚያውቀውን ነገር ስላየ ሳይጨርስ ቆመ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበው መካከለኛ ተማሪ የክንዱ ቍጥር ለምን እንደ ተጻፈ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱንም ከዚያ አገኘ። ልክ የሆነው መልስ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የክንዷ ዙሪያ 10.8 ስለ ሆነና ሁለቱም እግሮቿ ስላበጡ ከባድ የምግብ እጥረት አለባት። ስለዚህ የዐይኗ መጐድጐድና የቆዳዋ ቀስ ብሎ መመለስ ብቻውን አያስተማምነኝም። ነቅታ ስለምትጠጣ፥ እጆቿም ስለሚሞቁና ትርታዋ ስላልደከመ ድንጋጤ ውስጥ አልገባችም። ስለዚህ በደም ሥር አልሰጣትም፤ በአፏ ቀስ በቀስ እሰጣታለሁ፤ እየተከታተልሁም ትንፋሿን እቈጥራለሁ።» እዚህ መልስ ውስጥ «ስለ ሆነ» እና «ስለዚህ» የሚሉት ቃላት ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሱ ይታይ። ፈታኙ ማርኩን የሚሰጠው በእነዚህ ማያያዣዎች ላይ ነው። የበሽታውን ስም ከጓደኛ ትከሻ ላይ አሾልኮ ማየት ይቻላል፤ ምክንያቱን ግን መኰረጅ ያስቸግራል።

ታሪኩ ውስጥ ያለ ቍጥር ሁሉ ከዕድሜ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት። ሳል ያለበት ሕፃን በደቂቃ 44 ጊዜ ተነፈሰ ቢባል መልሱ ምንድን ነው? ዕድሜው 10 ወር ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን አይባልም፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ድረስ ወሰኑ 50 ነውና። 14 ወር ከሆነ ግን ወሰኑ 40 ስለ ሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ተብሎም ሊታከም ይገባዋል። ቍጥሩ አንድ፥ መልሱ ሁለት። በፈተና ጊዜ ዕድሜውን በእርሳስ ማክበብ ሦስት ሴኮንድ አይፈጅም።

የሕመምተኛን ታሪክ ለትምህርት መገልገያ ማድረግ ትላንት የተጀመረ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1900 በሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን፥ አብሮት የሚኖረው የሕግ ተማሪ በእውነተኛ የፍርድ ቤት ጉዳዮች ላይ እየተከራከረ ሲማር አይቶ፥ የሕክምና ተማሪዎችስ ቀኑን ሙሉ ንግግር ብቻ ከሚሰሙ ለምን በሕመምተኞች ታሪክ ላይ እየተወያዩ አይማሩም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በ1969 ደግሞ በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፈት ትምህርቱን በሙሉ በእንደዚህ ያሉ ችግሮች ላይ መሠረተው፤ ዘዴውም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

በአገራችን የጤና መኰንኖች ትምህርት ግን ከመነሻው ከሕዝቡ ችግር የተወለደ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጐዳ። በማግሥቱ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም.፥ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጐንደር ተከፈተ። እዚያም የጤና መኰንኑ፥ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጠባቂው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ይሠለጥኑ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ደጋ ጠርዝ ሁሉ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የጤና መኰንኖች ወደ ሥራ ሲገቡ ያጋጠማቸው ኬዝ ይህ ነበር። ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ማርክም አልነበረውም።

ከወባ ሳንወጣ ሌላ ታሪክ እናንሣ። የ22 ዓመት ወጣት ከደብረ ብርሃን አጠገብ ካለ ቀበሌ መጣ ይላል ጥያቄው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት አለው፤ ከስቷል፤ ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰሳል፤ የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ተማሪው «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ያያል፤ ቀዝቃዛ አገር መሆኑን፥ ወባ እንደማይገኝበትም ያስባል፤ ታይፎይድ ብሎ ይጽፋል። በታሪኩ መካከል ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ከሐምሌ እስከ ኅዳር በመተማ በሰሊጥ እርሻ ላይ ሠርቶ የተመለሰ ነው።» ጥያቄው ሁሉ የሚዞረው በእርሷ ላይ ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ የቀን ሠራተኞች ከግራር ሥር፥ ዋልካ መሬት ላይ፥ ሜዳ ያድራሉ። በዚያ የአሸዋ ዝንብ አለ፤ በሌሊት ይነድፋል፤ ካላዛርንም ያስተላልፋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከተነደፉ ከሁለት እስከ ስድስት ወር በኋላ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ደጋ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ይታመማል። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

በእውነተኛው ጤና ጣቢያ ደግሞ ይህች ዓረፍተ ነገር ታትማ አትመጣም። ሕመምተኛው ራሱ አይናገራትም፤ ከሕመሙ ጋር የሚያገናኛት አይመስለውምና። የጤና መኰንኑ «ወንድሜ፥ ባለፉት ወራት ከቀዬህ ወጥተህ ነበር ወይ? የትስ ታድር ነበር?» ብሎ ካልጠየቀው ነገሩ ተቀብሮ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ደኅና ፈታኞች አንዳንድ ጊዜ ታሪኩን አጕድለው ይጽፉና «ሌላ ምን ትጠይቀዋለህ?» ይላሉ። እኛ ከጥያቄዎች ሁሉ ይህን እንወደዋለን። ተማሪው ታዲያ «የግል ታሪኩን፥ የቤተ ሰቡን ታሪክ፥ የቀድሞ በሽታውን» ብሎ አርእስት ቢደረድር ከግማሽ በላይ አያገኝም። የሚጠይቀው ጥያቄ ቃል በቃል መጻፍ አለበት፤ መልሱ ምን ቢሆን ምን እንደሚጠረጥርም ጭምር። የካላዛር የደም ምርመራ፥ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ፥ ሳል ካለ የአክታ ምርመራ፤ እያንዳንዱ ከነምክንያቱ።

ከታሪኩ ውስጥ ከሌላው ጋር የማይገጥም የሚመስል ነገር ሲገኝ አብዛኛው ተማሪ ያልፈዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1854 በሎንዶን ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ አካባቢ ኮሌራ ገብቶ በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹ በብዛት በአንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ መኖራቸውን አየ። እዚህ ቢያቆም ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሽታው በክፉ አየር ይመጣል ይባል ነበርና፥ አየሩም በዚያው ሰፈር ክፉ ነው ይሉት ነበር። ስኖው ግን የማይገጥሙትን ፈለገ። ከቧንቧው አጠገብ 535 ድኾች የሚኖሩበት ቤት ነበር፤ ከእነርሱ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ ቤቱ የራሱ ጕድጓድ ነበረው። ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት ቢራ ፋብሪካም በዚያው መንገድ ላይ ነበር፤ ሠራተኞቹ የሚጠጡት ቢራ ስለ ነበረ በኮሌራ የሞተ አልተገኘባቸውም። በሌላ በኩል በሃምስቴድ፥ ከዚያ ሰፈር ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት በኮሌራ ሞተች፤ ሲጠየቅ የብሮድ ስትሪትን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ኖሯል። አየሩን ሳትተነፍስ ውኃውን ጠጥታ የሞተችው እርሷ፥ አየሩን እየተነፈሱ ውኃውን ሳይጠጡ የዳኑት ደግሞ የቢራ ሠራተኞቹ ናቸው። መስከረም 8 ቀን (በእነርሱ አቈጣጠር) የቧንቧው እጀታ ተነቀለ። በዚያን ጊዜ ወረርሽኙ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደ ነበረ ስኖው ራሱ ጽፏል፤ ይህም የሰውየውን ጨዋነት ያሳያል።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣት ሹማምንቶቻችን እንመለስ፤ እነርሱ ፈተናውን ጨርሰን ወጥተናል ብለው እንዳያስቡ። ኬዙ መልኩን ለውጦ በሪፖርት ተጠቅልሎ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ቀበሌ እንዲህ የሚል ወረቀት መጣ እንበል፦ «በቀበሌያችን ኩፍኝ ገብቶ 45 ሕፃናት ታመዋል። ከታመሙት መካከል 27ቱ የተከተቡ ናቸው። ስለዚህ ክትባቱ የማይረባ ስለ ሆነ ሕዝቡ አንቀበልም እያለ ነው።» ለችኩል አንባቢ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ከታመሙት ከመቶ 60ው ተከትበዋል። አስተዋዩ ግን አንድ የጐደለ ቍጥር አለ ብሎ ይጠይቃል፦ በቀበሌው ያሉት ሕፃናት ጠቅላላ ስንት ናቸው? ከእነርሱስ ስንቱ ተከትበዋል? መልሱ 200 ሕፃናት፥ 180 የተከተቡ፥ 20 ያልተከተቡ ሆነ እንበል። እንግዲህ ከ180ው የታመሙት 27 ናቸው፤ ከመቶ 15 ማለት ነው። ካልተከተቡት 20 ግን 18ቱ ታመዋል፤ ከመቶ 90። ከ90 ላይ 15 ሲቀነስ 75፤ 75 ለ90 ሲካፈል ክትባቱ ከመቶ 83 ያህል አድኗል ማለት ነው። ይህም በ9 ወር ዕድሜ ከሚሰጥ ከአንድ ጊዜ የኩፍኝ ክትባት ከሚጠበቀው ብዙ የራቀ አይደለም። የተከተቡት በታማሚዎቹ መካከል የበዙት ክትባቱ ስላልሠራ ሳይሆን፥ የተከተበው ሕዝብ ስለ በዛ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው ደብዳቤ ክትባቱን የሚያስቆም ሳይሆን፥ የቀሩትን 20 እና ሁለተኛውን ክትባት ያልወሰዱትን የሚፈልግ ይሆናል። አንድ ሹም ይህን ስሌት ባለመሥራቱ በሕዝብ ፊት ቆሞ «እውነታችሁን ነው» ቢል ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ስለ ፈተናው ሥርዓት ደግሞ ጥቂት እንበል። ጥያቄው የሚያዝዝበትን ግሥ መለየት ያሻል። «ዘርዝር» ሲል ስም ይበቃል፤ «ግለጽ» ሲል እንዴት እንደሆነ፥ «ምክንያት ስጥ» ሲል ለምን እንደሆነ ነው። አራት ማርክ ላለው ጥያቄ አንድ ገጽ የሚጽፍ ተማሪ ጊዜውን ከሌላው ጥያቄ ሰረቀ። ሁሉን ላስገባ ብሎ ዐሥር በሽታ የሚደረድርም አለ፤ ከዐሥሩ አንዱ አይጠፋም ብሎ ነው። ዐሥር በሽታ የጠረጠረ ሰው ምንም አልጠረጠረም፤ ሕመምተኛውም የዐሥሩን መድኃኒት አይውጥም። ሁለት ወይም ሦስት ጽፎ የትኛው ይበልጥ እንደሚመስልና ለምን እንደሚመስል መናገር ይሻላል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ሲመጣ፥ ብዙዎች ምርጫ ስለ ሆነ ኬዝ ቀረ ብለው ነበር። አልቀረም። ታሪኩ ከላይ ተቀምጦ ከሥሩ ምርጫዎቹ ይደረደራሉ። አስቸጋሪው ነገር አንዳንዴ ሁሉም ምርጫዎች ልክ መሆናቸው ነው። ሙቀት መለካት ልክ ነው፤ ደም መውሰድ ልክ ነው፤ ወደ ሆስፒታል መላክ ልክ ነው፤ የታነቀውን ሕፃን የመተንፈሻ መንገድ መክፈትም ልክ ነው። የሚለያቸው «በመጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ ይህችን ቃል በጥድፊያ መዝለል ቀላል ነው፤ ታሪኩን አንድ ጊዜ በልብ ወደ እናት ቋንቋ መልሶ ማሰብም ይረዳል። ሕመምተኛው ራሱ ሲመጣ በእንግሊዝኛ አይናገርምና።

ከታሪኩ በታች በመጨረሻ የምትመጣውና ተማሪው በደከመ እጁ ሁለት ቃል ብቻ ጽፎ የሚያልፋት ጥያቄ ደግሞ አለች፦ «ለእናቲቱ ምን ትነግራታለህ?» ብዙዎች «የጤና ትምህርት መስጠት» ይላሉ። ይህ መልስ ለማንም አይጠቅምም። ተቅማጥ ይዞት፥ ፈሳሽ ጥቂት ጐድሎበት፥ የምግብ እጥረት ግን የሌለበት የ10 ወር ልጅ ታክሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። አንዱ የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንደሚበጠበጥ፤ የተበጠበጠው ከአንድ ቀን እንዳያልፍ፤ ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ለ10 ቀን እንደሚሰጥ፤ ጡት እንዳይቋረጥ፤ መጠጣት ካቃተው፥ ትኩሳት ከመጣበት ወይም በተቅማጡ ደም ከታየ ሳትውል ሳታድር እንድትመልሰው። ታሪኩ «ቤቷ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው» ካለም ይህ ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ የመጀመሪያውን መጠን እዚያው ጤና ጣቢያ ሆና እንድታጠጣው ማድረግ ይገባል።

ደግሞ እናቲቱ የሊትር መለኪያ የላትም። ስለዚህ ደኅናው ተማሪ በመልሱ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብሎ እንደሚጠይቃት ይጽፋል፦ «እኅቴ፥ ቤት ስትደርሺ በምን ዕቃ ትበጠብጪዋለሽ? እስቲ እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ንገሪኝ።» እርሷም የምትነግረውን ሰምቶ፥ ዕቃዋ ጠርሙስ እንደ ሆነ ስንት ጠርሙስ አንድ ሊትር እንደሚሞላ አብሯት ይቈጥራል።